ዊልያም ሄንሪ ሉዊስ የሃርቫርድ «አሠልጣኝ» ነበር ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የካምብሪጅ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በምንኖርበት በካምብሪጅ ከተማ ታሪክ ውስጥ ስሙ ስለሚነሣ አንድ ሰው እንድትጽፍ ታዝዛ ዊልያም ሄንሪ ሉዊስን መርጣለች። እኔ እግር ኳስ ሲባል በዓይኔ የሚመጣው በእግር የሚመታው ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ከጎኗ ተቀምጬ አብሬያት እየተማርሁ ነው። እንዳይምታታብን አሜሪካኖች የሚጫወቱትን «ፉትቦል» እያልሁ እጽፋለሁ፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እስካሁን የደረስንበት ይህ ነው። ሉዊስ በ1868 በቨርጂኒያ፣ ዛሬ የኖርፎክ ከተማ አካል በሆነችው በበርክሊ፣ ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች ተወለደ። አባቱ የባፕቲስት ሰባኪ ነበሩ። ፒተርስበርግ በሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ ከተማረ በኋላ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት በነበሩት በጆን መርሰር ላንግስተን ድጋፍ በ1888 ወደ ማሳቹሴትስ መጥቶ አምኸርስት ኮሌጅ ገባ፤ በዚያም ፉትቦል ተጫወተ፣ በ1891 የቡድኑ አምበል ሆነ፣ በ1892 ተመረቀ። ግራ የሚያጋባን ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ ወዲያው ለሃርቫርድ ቡድን ሲሰለፍ እናገኘዋለን። አንድ ሰው በአንድ ኮሌጅ ተጫውቶና ተመርቆ ሲያበቃ በሌላው እንደ አዲስ መሰለፍ ይፈቀድለት ነበርን?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚህ ይብሳል። አንዳንድ ጽሑፎች ሉዊስን «የሃርቫርድ አሠልጣኝ» ይሉታል፤ በሃርቫርድ የዋና አሠልጣኞች ዝርዝር ውስጥ ግን ስሙን ፈልገን አጣነው። ልጄ «የሃርቫርድ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ» ብላ ጽፋ ነበርና፣ መምህሯ ዘንድ ሳይደርስ ላርመው ወይስ ልተወው? ደግሞም የተጫወተበት ቦታ «ሴንተር» የሚሉት፣ ነጥብ የማያስቆጥረውና ኳሱን አቀብሎ ከሥር የሚቀረው ሰው ነው ይባላል። በእንዲህ ያለ ቦታ የተጫወተ ሰው በአገር ደረጃ ስሙ እንዴት ሊገን ቻለ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ የድሮ ጨዋታ ወዳጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ስለ አሠልጣኝነቱ ከእኔ የሚሻል ሰው እዚህ አይጠፋም፤ እኔ ስለ ጨዋታው ልመልስ።

በመጀመሪያ፣ ለሁለት ኮሌጆች መጫወቱ በዘመኑ ደንብ የሚያስወቅስ ነገር አልነበረም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የቡድን አባል ለመሆን የዩኒቨርሲቲው ተማሪ መሆን ይበቃ ነበር፤ የሕግም ሆነ የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪ ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ጋር እኩል ይሰለፍ ነበር። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ላይ በሩን የዘጉት ጨዋታው ከፍተኛ ቀውስ ውስጥ ከገባበት ከ1905 በኋላ ነው። ሉዊስ በዚህ ክፍት በር ገብቶ በ1892 እና በ1893 ሁለት የውድድር ዘመን ለሃርቫርድ ተጫውቷል።

ሴንተርን በተመለከተ፣ «አቀብሎ ከሥር የሚቀር» የሚለው አነጋገር ለዛሬው ጨዋታ እንኳ ትንሽ ግፍ አለበት፤ ለዚያን ጊዜው ግን ፈጽሞ አይሆንም። እስከ 1906 ድረስ ኳስን በእጅ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነበር። አንድ ቡድን ኳሱን እንደያዘ ለመቀጠል በሦስት ሙከራ አምስት ያርድ፣ ማለትም አራት ሜትር ተኩል ገደማ፣ መግፋት ነበረበት። እንግዲህ ወደ ፊት መወርወር ከሌለና የሚፈለገውም ርቀት አጭር ከሆነ፣ ጨዋታው በአብዛኛው መሐሉን በጉልበት መሰንጠቅ ይሆናል ማለት ነው፤ የመሐሉ መሐል ደግሞ ሴንተሩ ነው። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ዛሬ የምናየው የኳሱን ርዝመት ያህል ክፍት ቦታ ገና አልተደነገገም ነበርና፣ ተጋጣሚዎቹ ግንባር ለግንባር ተጠጋግተው ይቆሙ ነበር። ዳኛው በማያይበት ጊዜ በዚያ ጥግ የሚሠነዘረው ቡጢ ብዙ ነበር። በዚያ ላይ አሥራ አንዱም ሰዎች ሲያጠቁም ሲከላከሉም እዚያው ናቸው፤ ተጫዋች ካልተጎዳ በቀር አይቀየርም፤ ጨዋታውም እስከ 1894 ድረስ ሁለት ጊዜ አርባ አምስት ደቂቃ ይፈጅ ነበር።

አሁን ሉዊስን እዚህ መሐል አቁሙት። ክብደቱ 80 ኪሎ ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ ለቦታው ቀላል ሰው ነበር። ፊት ለፊቱ የሚመጡበት ብዙ ጊዜ ከእርሱ የሚከብዱ ነበሩ። ስሙን ያስጠራው ኳሱ በተነሣ ቅጽበት ከሌላው ቀድሞ መንቀሳቀሱና ጨዋታው ወዴት እንደሚያጋድል አስቀድሞ ማንበቡ ነው። በየዓመቱ የአገሪቱን ምርጥ አሥራ አንድ የሚሰይመው፣ ከ1889 ጀምሮ ይወጣ የነበረውና ከዋልተር ካምፕ ስም ጋር የሚያያዘው «ኦል አሜሪካ» የተባለው ዝርዝር በ1892ም በ1893ም በሴንተር ቦታ ላይ ያሰፈረው ሉዊስን ነው። በዝርዝሩ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች እርሱ ነው። ካምፕ የሃርቫርድ ዋና ተፎካካሪ የሆነው የየል ዩኒቨርሲቲ ሰው እንደ ነበረ ደግሞ አይዘንጋ፤ ለሃርቫርድ ሰው ማዳላት የሚጠበቅበት አልነበረም።

የ1892ቱ ቡድን የሚታወሰው ግን ከማንም ተጫዋች ይልቅ በአንድ ስልት ነው። ሎሪን ዴላንድ የተባለ የቦስተን ነጋዴ፣ የቼዝ ወዳጅ እንጂ ፉትቦል ተጫውቶ የማያውቅ ሰው፣ ለሃርቫርድ «የሚበር ሽብልቅ» የተባለውን ዘዴ ፈጠረላቸው። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ከሩቅ እየሮጡ መጥተው እንደ ሽብልቅ ጫፍ ይገጥማሉ፤ ኳሱን የያዘው ሰው ከኋላቸው ተከልሎ ይከተላል፤ ያ ሁሉ ክብደት ቆሞ በሚጠብቅ አንድ ተከላካይ ላይ ያርፋል። በኅዳር ወር ስፕሪንግፊልድ ላይ ከየል ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ በሁለተኛው አጋማሽ መጀመሪያ ላይ ሲያወጡት ሜዳው ሙሉ ተደነቀ። ሃርቫርድ ግን 6 ለ 0 ተሸነፈ፤ በጊዜው አቆጣጠር አንድ ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ፣ 4 ነጥብ፣ ከዚያ በኋላ የምትመታው ምት 2 ነጥብ ነበረችና ልዩነቱ አንድ ተችዳውን ከነምቷ ብቻ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመትም የል በዚያው ውጤት ደገመው። ዘዴው ብዙ ሰው ስለጎዳ በ1894 ታገደ። ይህን ያነሣሁት ሉዊስ በኋላ አሠልጣኝ ሲሆን በተለይ በመከላከል ዕውቀቱ መታወቁ ከዚህ ትምህርት ቤት የመጣ ስለሚመስለኝ ነው፤ ሽብልቁን ከውስጥ ያየ ሰው እንዴት እንደሚፈታም ያስባል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1893 የመጨረሻው ጨዋታ፣ ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲሆን፣ አምበሉ ተጎድቶ ስለነበር ጓደኞቹ ሉዊስን ተጠባባቂ አምበል አድርገው መረጡት። መራጮቹ የዘመኑ የቦስተን ባለጸጋ ቤተሰቦች ልጆች እንደ ነበሩ ስታስቡት የልጅቷ ጽሑፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይገባዋል።

መልስ፦ ረዳት መምህር

ስለ አሠልጣኝነቱ እኔ ልሞክር። በአጭሩ፣ «ዋና አሠልጣኝ» የሚለውን ያርሙት፤ «አሠልጣኝ» የሚለውን ግን አይንኩት። ምክንያቱ ትንሽ ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ሉዊስ የሕግ ትምህርቱን በ1895 ጨርሶ በዚያው ዓመት ከሃርቫርድ አሠልጣኞች አንዱ ሆነ፤ እስከ 1906 ድረስ ቆየ። በእነዚህ አሥራ ሁለት የውድድር ዘመኖች ሃርቫርድ ከ110 በላይ ጨዋታዎችን ሲያሸንፍ፣ የተሸነፈባቸው ሃያ አይሞሉም። በ1898 አሥራ አንዱንም ጨዋታ አሸንፎ የልን 17 ለ 0 ረታ፤ በ1901 ደግሞ አሥራ ሁለቱንም አሸንፎ የልን 22 ለ 0 ቀጣ። በእነዚያ ዓመታት ዋና አሠልጣኝ የተባሉት ሰዎች ስም ግን በአንድና በሁለት ዓመት ይለዋወጣል፦ ካሜሮን ፎርብስ፣ ቤንጃሚን ዲብሊ፣ ቢል ሪድ፣ ጆን ፋርሊ፣ ሌሎችም። ለምን ቢሉ፣ በሃርቫርድ ልማድ የዋና አሠልጣኝነቱን ቦታ በአብዛኛው የሚይዘው በቅርቡ የተመረቀ የቀድሞ ተጫዋች፣ ብዙ ጊዜም አምበል የነበረ ሰው ነበር፤ ሥራው በመጸው ወራት ለትምህርት ቤቱ የሚከፈል ውለታ እንጂ ሙያ ተብሎ አይታይም ነበር። በዙሪያውም እንዲሁ የሚያግዙት የቀድሞ ተጫዋቾች ይሰበሰባሉ። ሃርቫርድ ደህና ገንዘብ ከፍሎ አሠልጣኝ የቀጠረው በ1905 ሲሆን፣ እርሱም ቢል ሪድ ነው፤ በዓመት 7,000 ዶላር፣ ግማሹ ከዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል፣ ግማሹ ከቀድሞ ተማሪዎች ኪስ። ያን ጊዜ ገንዘቡ ብዙ ሰው አስገርሞ ነበር።

ስለዚህ የበላዩ ሰው በየጊዜው ሲቀያየር ከሥር ሆኖ ዕውቀቱን ከዓመት ወደ ዓመት የሚያሻግር ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ሉዊስ እንዲያ ካሉት ሰዎች አንዱ፣ ምናልባትም ዋነኛው ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚያሠለጥነው በተለይ የመስመሩን ተጫዋቾች፣ ማለትም ከፊት ተሰልፈው ግንባር ለግንባር የሚገጥሙትን፣ እና መከላከሉን ነበር። በ1896 ስለ ኮሌጅ ፉትቦል መሠረታዊ ትምህርት የሚሰጥ መጽሐፍ ጽፎ በኒው ዮርክ ሃርፐር አሳታሚ ቤት አስወጥቷል፤ እንዴት መያዝና መጣል እንደሚገባ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በቦታው ምን እንደሚሠራ፣ ቡድንም እንዴት እንደሚለማመድ ደረጃ በደረጃ ያስረዳበታል። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ ሰባት ዓመት ነበር።

መልስ፦ ከአትላንታ

ረዳት መምህር በጥሩ ሁኔታ አስረድተዋል፤ ነገር ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። «ልማዱ እንዲህ ነበር» የሚለው ማብራሪያ እውነቱን ሁሉ የሚናገር አይመስለኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለ፣ ሁለት ጊዜ ከአገሪቱ ምርጦች የተቆጠረ፣ ስለ ጨዋታው መጽሐፍ የጻፈ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ዋና ሳይባል ሲቀር፣ ቦታውን የያዙት ሁሉ ደግሞ ነጮች ሲሆኑ፣ ነገሩን ለልማድ ብቻ መስጠት ይከብዳል። ልጅቷ ይህንንም ብታነሣው መልካም ነው።

መልስ፦ ረዳት መምህር

ቅሬታዎን እቀበላለሁ፤ የቀለም ነገር የለበትም አላልሁም፣ ልልም አልችልም። የጠነቀቅሁት ለልጅቷ ነው፤ «ይገባው ነበር» እና «ነበር» የተለያዩ ናቸውና። በነጮች ኮሌጅ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ በስሙ የተመዘገበ ጥቁር ሰው ከተፈለገ፣ ያ ማዕረግ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለማቲው ቡሎክ ነው። እርሱ ለዳርትመዝ የተጫወተ፣ በ1904 የማሳቹሴትስ የእርሻ ኮሌጅን ቡድን በዋናነት ያሠለጠነ፣ እንደ ሉዊስ ሁሉ ሃርቫርድ ሕግ የተማረ ሰው ነው። በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ግን መንገዱ ምን ያህል ረጅም እንደ ነበረ ለማየት፣ በዛሬው ከፍተኛ ምድብ ውስጥ ዋና አሠልጣኝ የሆነው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ዊሊ ጄፍሪስ መሆኑንና፣ ዊቺታ ስቴት የተሾመውም በ1979 መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ይህ ከሉዊስ የመጨረሻ ዓመት ሰባ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ለእርስዎ ቅሬታ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

መልስ፦ ጠበቃዋ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እስካሁን ያልተነሣ አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን ሁሉ ችሎታ ይዞ በ1906 ለምን ተወው? መልሱን በሜዳው ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ሉዊስ ፉትቦልን እንደ እንጀራው አይቶት አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የሚያሠለጥነው ሰው ቀን ቀን ጠበቃ ነበር። ከ1899 ጀምሮ የካምብሪጅ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1902 የማሳቹሴትስ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ነበር፤ በ1903 በቦስተን ረዳት የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ይህን የመጨረሻውን ሹመት የሰጡት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ናቸው። ሩዝቬልት የሃርቫርድ ልጅ ናቸው፤ ፉትቦል ነፍሳቸው ነበር፤ የኒው ዮርክ ገዢ በነበሩበት ጊዜ በ1900 ሉዊስን ኦይስተር ቤይ ባለው ቤታቸው በእንግድነት ተቀብለውታል። ፉትቦሉ ያገለገለው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ የጥቁር ሰባኪ ልጅ በሌላ መንገድ የማይገባበትን በር ከፈተለት፣ ከገባ በኋላ ግን የተራመደው በሕግ ዕውቀቱ ነው። በ1907 የኒው ኢንግላንድ አካባቢ የዜግነት አሰጣጥ ጉዳዮች ኃላፊ ሆነ፤ እንግዲህ የሜዳው ዘመን ያበቃው የመንግሥት ሥራው ከፍ ባለበት ጊዜ ነው። በ1911 በፕሬዚዳንት ታፍት ሹመትና በሴኔቱ ማጽደቅ የአሜሪካ ረዳት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ በአስፈጻሚው የመንግሥት አካል ውስጥ ጥቁር ሰው ያልደረሰበት ደረጃ ነበር።

የሜዳ ክብር ከሜዳ ውጪ ምን ያህል እንደሚያስከብር ለማየት ደግሞ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። የሕግ ተማሪ ሳለ፣ ጋዜጦች ሁሉ ስሙን በሚያነሡበት ሰዓት፣ በካምብሪጅ አንድ ፀጉር ቤት «ጥቁር አንላጭም» ብሎ መለሰው። ዝም አላለም፤ አድልዎን የሚከለክለው የማሳቹሴትስ ሕግ እንዲጠናከር ለምክር ቤቱ አቤት ካሉት አንዱ ሆነ። ሁለተኛው ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ የሆነ ነው። የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር በ1911 በአባልነት ተቀብሎት፣ ጥቁር መሆኑ ሲታወቅ በሚቀጥለው ዓመት ሊሰርዘው ተነሣ። በገዛ ፈቃዱ እንዲለቅ ቢጠየቅም አልለቅም አለ። አለቃው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጆርጅ ዊከርሻም ለማኅበሩ አባላት በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ልከው ተሟገቱለት። በመጨረሻ ሉዊስ በአባልነቱ ጸና፤ ማኅበሩ ግን ከዚያ ወዲያ የሚያመለክት ሰው ሁሉ ዘሩን እንዲገልጽ ወሰነ። ከእርሱ በኋላ ለመጡት ጥቁር ጠበቆች በሩ የጠበበው እንዲህ ነው። በ1913 መንግሥት ሲለወጥ ሉዊስ ሹመቱን ለቆ ወደ ቦስተን ጥብቅናው ተመለሰ።

በሙያዬ ምክንያት ወደ ሕጉ እንዳደላሁ አውቃለሁ። ሆኖም ልጅቷ የ1906ን ነገር «ጡረታ ወጣ» ወይም «ተሰናበተ» ብላ እንዳትጽፍ ብዬ ነው፤ ያን ጊዜ ገና የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበር።

መልስ፦ የድሮ ጨዋታ ወዳጅ

ለጠበቃዋ ማብራሪያ አንድ የጊዜ መገጣጠም ልጨምር። በ1905 መጸው የተጫዋቾች ሞትና ጉዳት ስለበዛ ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የየልንና የፕሪንስተንን ተወካዮች ዋይት ሀውስ ጠርተው ጨዋታውን እንዲያጸዱ አሳሰቧቸው፤ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ደግሞ ፉትቦል ከነጭራሹ ቢቀር የሚወዱ ሰው ነበሩ። በ1906 ደንቡ ተለወጠ፦ ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ፣ አምስቱ ያርድ አሥር ሆነ፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል ክፍት ቦታ ተደነገገ። ሉዊስ ያደገበትና ያስተማረው የግንባር ለግንባር ጨዋታ እርሱ በለቀቀበት ዓመት አብሮት ተለወጠ ማለት ነው። የለቀቀው በዚህ ምክንያት ነው አልልም፤ የጠበቃዋን መልስ የሚያፈርስ ነገር የለኝም። ነገር ግን የ1906ን ቡድን ያሠለጠኑት ሰዎች ለአሥር ዓመት ያስተማሩትን በአንድ ክረምት እንደገና ማሰብ ነበረባቸው፤ ያም ቡድን ከአሥራ አንድ ጨዋታ አሥሩን አሸንፎ አንዱን ብቻ ተሸነፈ።

የጠያቂው ምላሽ፦ የካምብሪጅ ነዋሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን ለልጄ አንድ በአንድ አነበብሁላት። «ዋና አሠልጣኝ» የሚለውን ራሷ ሰርዛ «ከ1895 እስከ 1906 ከሃርቫርድ አሠልጣኞች አንዱ፣ በተለይም የመከላከል አሠልጣኝ» ብላ ተካችው፤ ከሥሩም ከአትላንታ የጻፉልንን ሰው ቅሬታ በራሷ አነጋገር አስገባች። የፀጉር ቤቱን ታሪክ ስትሰማ ፀጉር ቤቱ የትኛው መንገድ ላይ እንደ ነበር ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅ። መቃብሩ እዚሁ ካምብሪጅ ማውንት ኦበርን ነው የሚባለው እውነት ነው? በሥራ ምክንያት በዚያ በኩል በየቀኑ አልፋለሁ። ደግሞስ በስፖርቱ በኩል ከሞተ በኋላ የተሰጠው ክብር አለ?

መልስ፦ ረዳት መምህር

አዎን፣ እውነት ነው። ሉዊስ በጥር 1 ቀን 1949 በሰማንያ ዓመቱ ቦስተን ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረውም ማውንት ኦበርን ነው። በኮሌጅ ፉትቦል የክብር መዝገብ ስሙ የሰፈረው በ2009፣ ከሞተ ስድሳ ዓመት በኋላ ነው። ልጅዎ ልብ ትበል፤ መዝገቡ ላይ የገባው በተጫዋችነት ነው።